ዲቴክተር፣ ወርቅና የሰሜን ተራሮች ግርጌ

ዲቴክተር ወርቅን ከመዳብ፣ ከእርሳስ ወይም ከአሉሚኒየም ለይቶ አያውቅም። የሚናገረው ከመሣሪያው ሳህን ስር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ወይም ማግኔት የሚስበው ነገር መኖሩን ብቻ ነው። ያ ነገር የወርቅ ቅንጣት ይሁን የጥይት ቀለህ የሚታወቀው ተቆፍሮ ሲወጣ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ይዞ ለሚወጣ ሰው ከማሽኑ ስምና ዋጋ በፊት የሚያስፈልገው ወርቅ በየትኛው ድንጋይ እንደሚገኝ፣ በየትኛውስ እንደማይገኝ ማወቅ ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ሊማሊሞን ወርዶ እስከ ዛሪማ፣ አዲ አርቃይና ተከዜ ሸለቆ ያለው አገር ይህን ለማስረዳት እጅግ የተመቸ ነው። በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ ወርቅ የማይጠበቅበት ድንጋይና ወርቅ ሊኖርበት የሚችል ድንጋይ ተከታትለው ይታያሉ።

የመሣሪያው አሠራር

በመሣሪያው ጫፍ ላይ ባለው ክብ ሳህን ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። በሽቦው ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍ ዙሪያውን የማግኔት መስክ ይፈጠርና ወደ መሬት ይዘልቃል። መስኩ በመንገዱ ብረታ ብረት ካገኘ በዚያ ነገር ላይ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይነሳሉ። አዙሪቶቹም በተራቸው የራሳቸውን ደካማ የማግኔት መስክ ይፈጥራሉ። ተቀባዩ ሽቦ ይህን ደካማ ምላሽ ለቅሞ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

ምላሹ ደካማ የሚሆንበት ምክንያት ሊሰመርበት ይገባል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህን ካለማወቅ ነውና። ከሳህኑ የሚላከው መስክ ከርቀት ጋር በፍጥነት ይደክማል፤ ከተቀበረው ነገር የሚመለሰውም እንዲሁ። የሁለቱ ድካም ሲባዛ፣ ከሳህኑ ራቅ ብሎ የተቀበረ ትንሽ ነገር ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ምላሹ ወደ 64ኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። አንድ ግራም የምትመዝን የወርቅ ቅንጣት በስንዝር ጥልቀት ላይ በግልጽ ተሰምታ በሁለት ስንዝር ላይ ጭራሽ ልትጠፋ የምትችለው ለዚህ ነው። ሻጮች «እስከ ብዙ ሜትር ያያል» የሚሉት አባባል እውነትነት ሊኖረው የሚችለው በርሜልን ለሚያህል ትልቅ ብረት ነው። በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ የተፈጥሮ ወርቅ ፍለጋ የስንዝርና የክንድ ጉዳይ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ የስልክ ፈልሳፊነቱ የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን እርሳስ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ለማግኘት ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ከፍራሹ ስር የነበሩት የብረት ሽቦዎች ድምፁን እንዳወኩት ይነገራል። ጀርመን ተወልዶ በካሊፎርኒያ የሠራው መሐንዲስ ጌርሃርድ ፊሸር በ1930ዎቹ ለሕዝብ የሚሸጥ መሣሪያ አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፖላንዳዊው መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው ፈንጂ መፈለጊያ በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ አገልግሏል። የቤል ችግር ዛሬም አልተለወጠም፤ መሣሪያው የሚፈለገውን ነገር ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም ይሰማል።

ለወርቅ ፍለጋ የሚውሉት መሣሪያዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በተለምዶ ቪኤልኤፍ የሚባለው ሲሆን ያለማቋረጥ ሞገድ ይልካል። ለወርቅ ተብለው የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ባለ ድግግሞሽ ይሠራሉ፤ 45 እና 71 ኪሎ ኸርዝ የሚጠቀሙ የታወቁ ሞዴሎች አሉ። የሩዝ ፍሬ የማታህል ቅንጣት ሳትቀር ይሰማሉ፤ ብረትንም በተወሰነ ደረጃ ይለያሉ። ድክመታቸው የብረት ማዕድን የበዛበት አፈር ላይ ነው፤ እዚያ ያለማቋረጥ ይጮኻሉ ወይም ጥልቀታቸውን ያጣሉ። ሁለተኛው ዓይነት ፐልስ ኢንዳክሽን ነው። ይህ አጭርና ኃይለኛ ፍሰት ይልክና ያቋርጣል፤ ካቋረጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ አዙሪቶቹ እንዴት እንደሚሞቱ ያዳምጣል። የመሬቱ ምላሽ የሚሞትበት መንገድ ከወርቁ ስለሚለይ አስቸጋሪ አፈርን ችሎ ጥልቅ ይሄዳል። በአንጻሩ ብረትን ከወርቅ የመለየት አቅሙ አነስተኛ በመሆኑ ባለቤቱ የሰማውን ሁሉ ይቆፍራል።

በዚህ ሁለተኛ መንገድ ለውጥ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1985 በአውስትራሊያ አደሌድ ከተማ የተመሠረተው ማይንላብ ኩባንያ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለወርቅ ብሎ ያወጣቸው ማሽኖች በአውስትራሊያ ታጥቦ አለቀ የተባለውን መሬት እንደገና አስፈለጉ። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የሱዳን በረሃዎች በእነዚህ መሣሪያዎች ተጥለቀለቁ። ከዚያ ወዲህ ነው ዲቴክተር በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በአስገደና በሽሬ ዙሪያ ባሉ ቆላማ የወርቅ ቦታዎች የተስፋፋው። ጥሩው ማሽን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ በዚያው ልክ በስሙ የተሠሩ አስመሳዮች በአፍሪካ ገበያ በዝተዋል።

ከደባርቅ በታች ያለው ድንጋይ

የኢትዮጵያ ወርቅ በአብዛኛው የሚገኘው ዕድሜያቸው ከ550 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ፣ በሙቀትና በግፊት በተለወጡ አሮጌ አለቶች ውስጥ ነው። እነዚህ አለቶች ከግብፅና ከሱዳን ተነስተው በኤርትራና በትግራይ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቅ፣ በቀይ ባሕር ማዶም በዓረብ ምድር የሚቀጥል ሰፊ ቀበቶ አካል ናቸው። በአገር ውስጥ በሦስት አቅጣጫ ብቅ ይላሉ፦ በደቡብ በጉጂ፣ ለገደንቢና አዶላ ባሉበት፤ በምዕራብ በቤኒሻንጉልና በወለጋ፣ ኩርሙክና ቱሉ ካፒ ባሉበት፤ በሰሜን ደግሞ በትግራይ። በመካከላቸው ያለውን ደጋ ብዙውን ቦታ የሸፈነው በኋላ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

ደባርቅና ዳባት የቆሙት በዚህ ሽፋን ላይ ነው። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ባዛልት በንብርብር ተከማችቶ የሠራቸው ናቸው። በሳይንቲስቶች ዘንድ የሊማሊሞ ገደል ይህን ክምችት ከላይ እስከ ታች እየቆጠሩ ለማጥናት ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የዕድሜ ጥናት አብዛኛው ላቫ የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ባነሰ ጊዜ እንደሆነ አሳይቷል። ባዛልት የወርቅ ጓል የሚሠራበት ሂደት አላለፈበትም። ወርቅ የሚከማቸው ሙቅ ውኃ በአሮጌ አለት ስንጥቆች ውስጥ እየተመላለሰ ወርቁን ከብዙ ቦታ ለቅሞ በአንድ ጅማት ሲያስቀምጠው ነው። በደባርቅ ማሳ ላይ ዲቴክተር ይዞ የሚዞር ሰው ወርቅ ሊኖርባቸው ከሚችሉት አለቶች በላይ ከሺህ ሜትር በላይ በሚወፍር ጣሪያ ላይ ቆሟል። መሣሪያው የሚሰማው ከዚያ ጣሪያ ላይኛውን ክንድ ብቻ ነው።

የጥንቱ ሰውም ወርቅን እዚህ አልፈለገም። በአዱሊስ የነበረውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ የገለበጠው የአክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ የሰሜንን ሰዎች የሚጠቅሰው በረዶና ብርድ ባለባቸው፣ ለመውጣት በሚያስቸግሩ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ብሎ ነው። ወርቁን ሲያነሣ ግን ኮስማስ የሚናገረው ስለ ሳሱ ነው፤ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎች እየላከ፣ ነጋዴዎቹም በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው እየሄዱ ወርቅ የሚለውጡበት ሩቅ አገር። ብዙ አጥኚዎች ሳሱን በዛሬዋ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከሱዳን በምትዋሰንበት ድንበር አካባቢ ያስቀምጡታል፤ ይህም ዛሬ ወርቅ የሚታጠብበት ምድር ነው።

ባዛልቱ ወርቅ የለውም ብቻ ሳይሆን መሣሪያውንም ያውካል። በድንጋዩ ውስጥ ማግኔታይት የተባለ፣ ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ማዕድን ተሰራጭቷል። በክረምት ጎርፍ ከወረደ በኋላ በመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ በብዛት እሱ ነው፤ ትንሽ ማግኔት ቢጠጋው እንደ ፀጉር እየቆመ ይለጠፋል። ከዚህ የባሰው ቀዩ ነው። በሊማሊሞ መንገድ ቁርጥ ላይ በሁለት ላቫ መካከል የሚታዩት ቀያይ ቀበቶዎች በአንድ ወቅት የመሬት ገጽ የነበሩ፣ በኋላ የፈሰሰው ላቫ ከላይ የጠበሳቸው አፈሮች ናቸው። የተጠበሰ ቀይ አፈር ማግሄማይት የተባለ ማዕድን ይይዛል፤ ይህ ማዕድን ለፐልስ ማሽን የሚሰጠው ምላሽ የብረታ ብረትን ስለሚመስል ማሽኑ ወርቅ ያገኘ ያህል ይጮኻል። ቆፋሪው ወደ ታች ሲሄድ ድምፁ አይጠራም፣ አይጠፋምም፤ ጉድጓዱ ብቻ ይሰፋል።

ከእነዚህ ጋር የሚደመር ሌላ አሳሳች ነገር አለ። በባዛልቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ነጭና አንጸባራቂ ማዕድን ተሞልቶ ይገኛል፤ አብዛኛው ዚዮላይት ወይም ካልሳይት ነው። «ወርቅ ነጭ ድንጋይ ይወዳል» ብሎ የሰማ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይዘላል። ወርቅ የሚያጅበው ነጭ ድንጋይ ግን ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ መስታወትን ይጭራል፣ ዚዮላይትና ካልሳይት አይጭሩም። ይህን በተሰበረ ጠርሙስ ላይ መሞከር ከደቂቃ አያልፍም፤ ብዙ የከንቱ ቁፋሮም ያስቀራል።

የደጋው እሳተ ገሞራ ድንጋይ የራሱ ሀብት የለውም ማለት አይደለም። በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና ገደሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘውና በዓለም ገበያ ስም ያወጣው ኦፓል የወጣው ከዚሁ ዘመን የእሳተ ገሞራ ንብርብር ነው። ይሁን እንጂ ኦፓል ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ዲቴክተር ከላዩ አልፎ ሲሄድ ዝም ይላል።

ቁልቁል ወደ ተከዜ

የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ደባርቅ ተነስቶ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ከአዲ አርቃይ ወደ ማይ ፀብሪና ወደ ተከዜ ሲዘለቅ የባዛልቱ ጣሪያ እየተላጠ አሮጌዎቹ አለቶች ይወጣሉ፦ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚላጡ ግራጫና አረንጓዴ ድንጋዮች፣ በመካከላቸውም የሚያልፉ የኳርትዝ ጅማቶች። የወርቅ ፍለጋ ጥያቄ ትርጉም ማግኘት የሚጀምረው ከዚህ ወዲህ ነው። ትርጉም ማግኘቱም ወርቅ አለ ማለት አይደለም፤ የዚህ ዓይነት አለት ሰፊ ነው፣ ወርቅ ያለበት ግን ጥቂቱ ነው።

ወንዞችም በዚሁ ሚዛን መታየት አለባቸው። ወንዝ የሚሸከመው የበላውን ድንጋይ ነው። ከሰሜን ተራሮች ጫፍ ተነስቶ በባዛልት ላይ ብቻ የሚፈስ ጅረት የቱንም ያህል ቢታጠብ ጥቁር አሸዋ እንጂ ወርቅ አይሰጥም። ያው ወንዝ ዝቅ ብሎ አሮጌውን አለት መቁረጥ ሲጀምር ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። ከታች የተገኘ ወርቅ ከላይ ከተራራው እንደመጣ አድርጎ ወደ ደጋው መከተል ስለዚህ ስሕተት ነው፤ ምንጩ ወርቁ ከተገኘበት ቦታና ባዛልቱ ከሚያልቅበት መስመር መካከል መፈለግ አለበት።

ልምድ ያላቸው ባህላዊ አምራቾች ዲቴክተሩን ከመክፈታቸው በፊት አፈር ያጥባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የወርቅ ክብደት የውኃን 19 እጥፍ ያልፋል፤ ኳርትዝ 2.65፣ ማግኔታይት 5.2 ገደማ ነው። ከወንዙ መታጠፊያ ውስጠኛ ዳር ወይም ከአለት ስንጥቅ የተዛቀ አፈር በጎድጓዳ ማጠቢያ ሳህን ውኃ ውስጥ ሲወዛወዝ ቀላሉ እየታጠበ ይሄዳል፣ ጥቁሩ አሸዋ ይቀራል፣ ከጥቁሩ ጫፍ ላይ ወርቁ እንደ ቀጭን ቢጫ ቅንድብ ይዘረጋል። ማጠቢያ ሳህኑ ዱቄት ወርቅ ያሳያል፤ ዲቴክተር ዱቄትን አይሰማም። አንድ ሺህ ብናኝ በአንድ አካፋ አፈር ውስጥ ቢኖር እያንዳንዱ ለብቻው በጣም ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ ዝም ሊል ይችላል። በኢትዮጵያ ከአሸዋ የሚታጠበው ወርቅ ብዙው ደቃቅ በመሆኑ ሳህን በማሽን ተተክቶ የማያልቀው ለዚህ ነው። ሁለቱ ሲደጋገፉ ግን ሥራው ያምራል፦ ሳህኑ በየትኛው ገባር ወርቅ እንዳለ ይናገራል፣ ዲቴክተሩ ደግሞ ከዚያ ገባር በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ከጅማቱ ተለቅቀው ገና ያልራቁትን ወፈር ያሉ ቅንጣቶች ይለቅማል።

ለዲቴክተር የሚመቸው ቦታ አፈሩ ስስ የሆነበት፣ ጠጣሩ አለት ቅርብ ያለበት ነው። የዛገ መልክ ያለው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ኳርትዝ የተበተነበት ተዳፋት ከንጹሕ ነጭ ኳርትዝ ይልቅ ተስፋ ይሰጣል፤ ዝገቱ ከወርቅ ጋር አብረው የሚመጡ የሰልፈር ማዕድናት የበሰበሱበት ምልክት ነው። ቀድሞ የተቆፈሩ ጉድጓዶችና የታጠበ ጠጠር ክምር ያለበት ቦታም መልካም ነው፤ ዓይንና ሳህን የሳቱትን ማሽን ሊያገኝ ይችላል።

ፍለጋው በእጅና በጆሮ

ማሽኑ እንደተከፈተ የመጀመሪያው ሥራ ከመሬቱ ጋር ማስማማት ነው። የማሽኑን ሳህን ብረታ ብረት በሌለበት ቦታ ላይ ደጋግሞ ዝቅ ከፍ እያደረጉ፣ ድምፁ ከመሬቱ ጋር መውጣት መውረዱን እስኪተው ማስተካከል ያስፈልጋል። አዳዲሶቹ ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፤ ቢሆንም ከግራጫ አለት ወደ ቀይ አፈር በተሻገሩ ቁጥር እንደገና መፈተሽ ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚለየው ትዕግሥት ነው። ሳህኑ መሬቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ከፍታ መወዛወዝ አለበት። ጀማሪዎች በመወዛወዙ ጫፍ ላይ ሳህኑን ከፍ ያደርጉታል፤ ከላይ የተነገረው የርቀት ድካም እዚያ ላይ ወርቁን ያሳጣቸዋል። እያንዳንዱ ማወዛወዝ ያለፈውን በግማሽ መደረብ ይኖርበታል። የጆሮ ማዳመጫ ለጥልቅ ወርቅ የግድ ነው፤ ጥልቅ ያለች ቅንጣት የምትሰጠው ጩኸት ሳይሆን በጸጥታው ላይ የምትሰማ ጥቂት መንቀጥቀጥ ነው። ያን የሰማ ሰው ላዩን በእግሩ ጠርጎ እንደገና ያዳምጣል። ድምፁ ከጠራና ከጠነከረ ዒላማው በቦታው ነው። ከተንቀሳቀሰ ወይም ከጠፋ ምናልባት የአፈሩ ወይም የላይኛው ድንጋይ ድምፅ ነው። የወጣውን አፈር ለሁለት እየከፈሉ በሳህኑ ላይ ማሳለፍ፣ ዝም ያለውን ግማሽ መጣል፣ የጮኸውን ደግሞ መክፈል፤ በመጨረሻ እፍኝ አፈር ይቀራል፤ በእሱ ውስጥ አንዲት ቢጫ ነገር ወይም የምስማር ጫፍ ይገኛል።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምስማሩ ነው። በአገሩ አፈር ውስጥ የተሰበረ የማረሻ ጫፍ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ቆርኪ፣ የጫማ ምስማር፣ የባትሪ ሽፋን፣ ቀለህና እርሳስ አለ። ነሐስና እርሳስ በድምፅ ከወርቅ ስለማይለዩ ሁሉም መቆፈር አለባቸው። ከምድር የወጣ ወርቅ ማግኔት አይስበውም፣ በጥርስ ወይም በመዶሻ ቢጫን ይጎብጣል ወይም ይጠፈጠፋል እንጂ አይፈረፈርም። ፓይራይት የተባለው ቢጫ ማዕድን ይፈረፈራል፤ ሚካ ደግሞ ስስ ቅጠል ሆኖ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል።

በዚህ አገር ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ብረት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በዳባት ወረዳ ጭና አካባቢና በደባርቅ ዙሪያ ከባድ ውጊያ ተካሂዷል። ውጊያ ያለፈበት መሬት ያልፈነዳ የሞርታር ጥይት፣ የእጅ ቦምብ ወይም የከባድ መሣሪያ ተተኳሽ ሊይዝ ይችላል፤ ዲቴክተር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ትልልቁን ነው። ጠንካራና ሰፊ ድምፅ የወርቅ ጓል ተስፋ መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ግን ከአደጋ ተለይቶ መታየት የለበትም። ውጊያ በነበረበት መሬት ላይ ጨርሶ አለመፈለግ ነው ትክክለኛው። ባልታሰበ ቦታ የተተኳሽ ቅርጽ ያለው ነገር ከታየ ሳይነኩ፣ ዶማ ሳይጨምሩ፣ በመጡበት ዱካ ተመልሶ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ወይም በአቅራቢያ ላለ የመከላከያ ክፍል መናገር ያስፈልጋል። የሕፃናት እጅ በእንዲህ ያለ ብረት እየተቆረጠ ስለሆነ ይህ ነገር ደጋግሞ ቢነገር አይበዛበትም።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ ከጤና ጋር የተያያዘ ዝግጅት ያስፈልገዋል። ወባ በዛሪማና በተከዜ ዳር ካለው ሙቀት ጋር ይመጣል፤ በሰሜን ምዕራብ ቆላ ደግሞ የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው ካላዛር አለ። ደጋ ያደገ ሰው ለሁለቱም የበለጠ የተጋለጠ ነው። አጎበርና ትኩሳት ሲሰማ ሳይዘገዩ መመርመር ከማሽኑ ባትሪ እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል።

የተቀበረ ሀብት፣ ቅርስና ማታለያ

ዲቴክተር በጎንደር አገር ከወርቅ ድንጋይ ይልቅ ለተቀበረ ገንዘብ ፍለጋ የሚታሰብበት ጊዜ ይበዛል። ለዚህ መነሻ የለውም አይባልም። የጥንቱ የምጽዋ–ጎንደር ቅፍለት መንገድ በሊማሊሞ በኩል ያልፍ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ ነው። ባንክ ባልነበረበት ዘመን ሰው ጠገራ ብሩን በእንስራ አድርጎ ይቀብር ነበር። ማርያ ትሬዛ የተባለችው ንግሥት ምስል ያለበትና 1780 የሚል ቀን የተቀረጸበት ይህ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዲቴክተር በቀላሉ ይሰማል።

ይህ ሁሉ ግን የወርቅ ማዕድን ጉዳይ አይደለም፤ ሕጉም ለይቶ ነው የሚያየው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥንታዊ ነገር ለመፈለግ መቆፈር ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ለሚመለከተው አካል የማስታወቅ ግዴታ አለበት። የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር፣ የመቃብር ቦታና የፍርስራሽ ዙሪያ በማሽን መቆፈር ያገሩን ታሪክ ማጥፋት ነው፤ ከቦታው የተነቀለ ሳንቲም ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀበረው መናገር አይችልም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች መካከል የተመዘገበ፣ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየና በብዙ ጥረት ከዚያ የወጣ ነው። በፓርኩ ውስጥ ማዕድን መፈለግና መቆፈር የተከለከለ ነው፤ ከላይ እንደታየው በባዛልቱ ላይ የሚገኝ ወርቅም የለም።

የማታለያ መሣሪያዎች ነገር መነሣት አለበት። እጀታና የምትዞር አንቴና ያላቸው፣ «ወርቅን ከብዙ መቶ ሜትር ያመላክታሉ» ተብለው የሚሸጡ ዕቃዎች አሉ። አንቴናዋን የሚያዞራት የያዥው እጅ ሳይታወቀው የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። የዚህ ዓይነት ዕቃ የደረሰበትን ጥግ የሚያሳየው ኤዲኢ 651 የተባለው ነው፤ ፈንጂ ያገኛል ተብሎ ለኢራቅ ፍተሻ ኬላዎች በብዙ ሺህ ዶላር ተሽጦ፣ በውስጡ የሚሠራ ነገር የሌለው ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት 10 ዓመት ተፈረደበት። እውነተኛ ዲቴክተርን ለመፈተን የሚያስፈልገው አንድ የወርቅ ቀለበት ነው፦ ገዥው ሳያይ ሌላ ሰው ከአምስት ሣጥኖች በአንዱ ስር ይደብቀዋል፤ መሣሪያው ደጋግሞ ካላገኘው አይገዛም።

ፈቃድና ሽያጭ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ ማዕድን አምራችነትን በፈቃድ የሚሠራ፣ ለኢትዮጵያውያን የተተወ ሥራ ያደርገዋል፤ ፈቃዱን የሚሰጡት ክልሎች ናቸው። ስለዚህ ዲቴክተር መግዛት የመቆፈር መብት አይሰጥም። የባለይዞታው ገበሬ ፈቃደኝነት ሳይጠየቅ በማሳ ላይ ጉድጓድ መተውም ከሕግ በፊት ነውር ነው፤ ክፍት ጉድጓድ በሬ ይሰብራል፣ በክረምትም የቦረቦር መነሻ ይሆናል። የተቆፈረ ሁሉ በዚያው ሰዓት መደፈን አለበት።

በዲቴክተር የሚለቀም ወርቅ አንድ ትልቅ በጎ ጎን አለው፤ ሜርኩሪ አይፈልግም። ደቃቅ ወርቅን ለመሰብሰብ አንዳንድ ቦታ የሚውለው ሜርኩሪ በእሳት ሲተን ወደ ሳንባ ገብቶ ነርቭን ይጎዳል፤ ወደ ወንዝ የገባው ደግሞ በዓሣ በኩል ይመለሳል። ወፈር ያለ ቅንጣት በእጅ ተለቅሞ፣ በውኃ ታጥቦ እንዳለ ለሽያጭ ይቀርባል።

በባህላዊ መንገድ የተመረተ ወርቅ ለብሔራዊ ባንክ ይሸጣል፤ አሶሳና ሽሬን በመሰሉ የወርቅ አገሮች ባሉ ማዕከላትም ይቀርባል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ባንኩ የሚከፍለው ከጎን ገበያው ጋር በመቀራረቡ ወደ ባንክ የሚመጣው ወርቅ በብዙ ጨምሯል። ከምድር የወጣ ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ ብር ስለሚቀላቀልበት 24 ካራት አይሆንም። ሻጩ የሚከፈለው በሚዛን ላይ በታየው ክብደት ብቻ ሳይሆን፣ ወርቁ ቀልጦ ወይም ተፈትኖ በተገኘው ንጽሕና ልክ ነው። ኳርትዝ የተጣበቀበት ቅንጣት ከሆነም ድንጋዩ ከክብደቱ ላይ ይቀነሳል።